ተቅማጡ የሰነበተበት ሕፃን

ድንገት የሚመጣ በሽታ ሰውን ሁሉ ያስደነግጣል። በ2008 ዓ.ም. አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሕዝቡ በአጭሩ «አተት» የሚለው በሽታ፣ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ውኃ ማፍላት ያልተወራበት ቤት አልነበረም። እንዲህ ያለውን በሽታ ማንም ቸል አይለውም። ቸል የሚባለው ሌላው ነው፤ ዛሬ ሻል ነገ ባስ እያለ ከሕፃኑ ጋር ሳምንታት የሚከርመው ተቅማጥ። በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

የጤና ባለሙያዎች ተቅማጥ የሚሉት አንድ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ቀጭን ወይም ውኃ የመሰለ ሰገራ ሲወጣው ነው። ጡት ብቻ የሚጠባ ጨቅላ በተፈጥሮው ልል ሰገራ ደጋግሞ ስለሚወጣው እርሱ በዚህ አይቆጠርም። አብዛኛው ተቅማጥ በጥቂት ቀናት፣ ቢዘገይ በሳምንት ገደማ በራሱ ይቆማል። 14 ቀን ከሞላው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የሰነበተ ተቅማጥ ተብሎ የራሱ ምርመራና የራሱ እንክብካቤ ያሻዋል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት 12 በመቶ ያህሉ ከጥናቱ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሳይቆዩ ይድናሉ፤ ጥቂቶቹ ግን አሥራ አራተኛውን ቀን ያልፋሉ። ያ ቀን መድረሱን ለማወቅ አስቀድሞ ቀን የቆጠረ ሰው መኖር አለበት። ማን ይቁጠር?

ቱሉ ዲምቱን የሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ ለምን እንደተነሣ አይጠፋውም። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚነሣበት አካባቢ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ተደርድረው ይታያሉ። ብዙው ነዋሪ ቤቱን ያገኘው በዕጣ እንጂ ለሥራው ቀርቦት መርጦ አይደለም። በመሆኑም ሜክሲኮ ወይም መገናኛ የምትሠራ እናት ጎሕ ሳይቀድ ትነሣና የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፤ ስትመለስ ሕፃኑ ተኝቷል። ቀኑን ሙሉ ከእርሱ ጋር የምትውለው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ አለዚያም ከገጠር የመጣች አያት፣ አለዚያም በወር ክፍያ የምትጠብቅ ጎረቤት። እናት የምታየው የቅዳሜንና የእሑድን ሰገራ ነው። የሰኞውን እስከ ዓርብ ያለውን በወሬ ትሰማለች። ሠራተኛዋ በቅርቡ የተቀጠረች እንደሆነ ደግሞ፣ «ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው» ብላ ታርፈዋለች። በዚህ መካከል ሦስት ሳምንት አልፎ ይገኛል።

ለዚህ ትልቅ መላ አያስፈልገውም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያና እርሳስ ይበቃል። ተቅማጡ የጀመረበት ቀን ይከበባል፤ ከዚያ በኋላ በወጣው ቁጥር በዕለቱ ቀን ላይ አንድ ጭረት ይጫራል። ማንበብ የማትችል ሠራተኛም ብትሆን ጭረት መጫር አያቅታትም። ማታ አባትም ቢሆን ተነሥቶ ጭረቱን ቢቆጥር ክብሩ አይቀንስም። ተቅማጡ ለሁለት ቀን ቆሞ እንደገና ቢጀምር፣ እንደ አዲስ ሳይሆን ከቀድሞው አስከትሎ መጻፍ ይሻላል፤ ሐኪሙ ለይቶ ይነግራል።

ቀን ላለመቁጠር ከምንሰጣቸው ምክንያቶች ዋነኛው ጥርስ ነው። «ጥርስ ሊያወጣ ነው፤ ሲወጣለት ይተወዋል» ያልተባለለት ሕፃን ጥቂት ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ የሚገጣጠሙት በዕድሜ ነው። ከስድስት ወር ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ሕፃኑ ጥርስ ያወጣል፤ በዚያው ዕድሜ ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፣ ዳዴ ይላል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፣ ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያም እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ ተቅማጥ በዚህ ዕድሜ ይበዛል። ጥርሱ የተከሰሰው በቦታው ስለተገኘ ብቻ ነው።

ጥፋቱ መጠበቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን አንዳንዱ «ግግ ነው» ብሎ ድድ ሰንጥቆ ያልወጣውን ጥርስ የሚነቅል ሰው ይጠራል። ይህ ልማድ በገጠር ብቻ ያለ የሚመስላት የከተማ እናት ካለች፣ ልጅ ጠባቂዋን ወይም አማቷን ቀስ ብላ ትጠይቅ። ባልተቀቀለ ስለት የተቆረጠ ድድ ይደማል፣ ያመረቅዛል፤ ከሥር ያለው የቋሚ ጥርስ ዘር ይበላሻል፤ ተቅማጡም እንዳለ ይቀጥላል። እንጥል ማስቆረጥም እንደዚሁ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በሕፃናት ሕይወትና አካል ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለይቶ የሚቀጣው ያለ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የሰነበተ ተቅማጥ ሕፃንን ይበልጥ የሚጎዳው በረኀብ ነው። የአንጀት የውስጥ ገጽ እንደ ከፋይ ጨርቅ ጥቃቅን ጸጉር መሳይ ነገሮች ለብሷል፤ ምግብ ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ በኩል ነው። ተቅማጥ ሲደጋገም እነዚህ ይጎዳሉ፤ ሕፃኑ ከበላው የሚጠቀመው ያንሳል። አንጀቱን መልሶ የሚጠግነው ደግሞ ምግብ ራሱ ነው። እንግዲህ «ሆዱ ይረፍ» ተብሎ ምግብ የተከለከለ ሕፃን፣ አንጀቱ የሚጠገንበትን ነገር ነው የተከለከለው። አንጀቱ ካልተጠገነ ተቅማጡ ይቀጥላል፤ ተቅማጡ ሲቀጥል ምግብ ይቀነሳል። በዚህ ዙሪያ የገባ ሕፃን ሲከሳ፣ የመጣው ሁሉ በሽታ፣ ሳንባ ምች ይሁን ኩፍኝ፣ ያገኘዋል።

ብዙ ጊዜ ሕፃኑን የምታስርበው ክፉ ሰው አይደለችም፤ ያውም የምትወደው ናት። ሠራተኛዋ ባበላችው ቁጥር ጨርቅ ማጠብ እንዳለባት ታያለች። አያቲቱ ሲበላ እንደሚያስቀምጠው ታያለች። ሁለቱም ቀጭን አጥሚት ሰጥተው ያሳልፉታል። አጥሚት ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ትንሿን ሆድ ሞልቶ ሳያጠግብ ያልፋል። ስለዚህ ከቤት ከመውጣት በፊት ለምትጠብቀው ሰው በግልጽ መነገር ያለበት ይህ ነው፤ ቢያስቀምጠውም ይብላ። ጨርቅ በማጠቡ ማንም እንደማይቆጣት ጨምሮ መንገር ደግሞ ከምግብ ዝርዝሩ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ምን ይብላ ለሚለው፣ መልሱ ከቤታችን አይርቅም። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ በፍጹም አይቋረጥ፤ እንዲያውም ሌሊትም ቀንም ደጋግሞ ይጥባ። እናት ቀን የምትውለው ከቤት ውጭ ከሆነ ማለዳ፣ ማታና ሌሊት የሚጠባው ብዙ ነው። የላም ወተት የሚጠጣ ልጅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተጎዳ አንጀት ውስጥ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ንጥረ ነገር ለጊዜው ያንሳል፤ ያልተፈጨው ስኳር ተቅማጡን ያባብሳል። ይሁን እንጂ ወተቱን በውኃ ማቅጠን መፍትሔ አይሆንም፤ ልጁን ማስራብ ብቻ ነው። የሚሻለው ወተቱን በእርጎ መለወጥ ነው። ወተት ሲረጋ የስኳሩን ከፊል እርሾው ይበላዋልና እርጎ ለሕፃኑ ሆድ ይቀላል። ግን እርጎው ካልፈላ ወተት የተረጋ መሆን የለበትም፤ ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከደህና እርጎ ጥቂት ማንኪያ ጨምሮ ማርጋት ነው። እርጎ ካልተገኘም የሚሰጠውን ወተት በግማሽ ቀንሶ በገንፎና በመሳሰለው መተካት ይቻላል።

ገንፎው ወፈር ያለ ይሁን፤ ማንኪያ ላይ የሚቆም። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ ቢደረግበት ኃይል ይጨምራል። በደንብ የበሰለ ምስር ወይም ክክ፣ የተፈጨ ድንችና ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ በሽሮ የራሰ እንጀራ፣ ሁሉም ይሆናል። የታመመ ልጅ ብዙ ቁጭ ብሎ አይበላም፤ ስለዚህ በቀን ሦስቴ ብዙ ከማቅረብ 6 ጊዜ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይሻላል። ድኖም ቢሆን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ቢቻል የቀነሰው ክብደት እስኪመለስ፣ በቀን አንድ ትርፍ ምግብ ይጨመርለት።

ምግቡ እንዲህ ሲሆን የሚፈሰውን ፈሳሽ መተካትም አይረሳ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው፣ በፋርማሲዎች ኦ.አር.ኤስ. በሚል ስም የሚታወቀው ዱቄት፣ ርካሽ በመሆኑ ይናቃል። ታሪኩ ግን የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ወቅት ስደተኞች በተጠለሉበት የሕንድ የጠረፍ ከተማ ባንጋዮን ኮሌራ ገብቶ ሳለ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉት ሐኪም ጨውና ግሉኮስ በውኃ አስበጥብጠው በአፍ እንዲሰጥ አደረጉ፤ የሚሰጡትም የበሽተኞቹ ዘመዶች ነበሩ። ከበሽተኞቹ ወደ 30 በመቶ ይገድል የነበረው በሽታ ሞቱ ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ሐኪም ያልሆነ ሰው፣ እናት ወይም ወንድም፣ በማንኪያ ያዳነው ማለት ነው።

አበጣጠሩ ላይ ግን ስሕተት ይበዛል። አንድ ከረጢት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፤ በብርጭቆ አይደለም፣ በግማሽ ሊትርም አይደለም። ዱቄቱ ከበዛ ጨው ይበዛና ልጁን ይጎዳዋል። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ታጥቦ ለዚህ ብቻ ቢቀመጥ ልኬቱ አይሳሳትም። ስኳር አይጨመርበት። የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በቤት መለኪያ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ፣ በማንኪያ ቀስ እየተባለ ይሰጠዋል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ያህል ጠብቆ እንደገና፣ ይበልጥ ቀስ ብሎ መጀመር ነው። ጡጦ ግን ይቅር። የጡጦ ጫፍ በደንብ ለማጠብ ስለሚያስቸግር ጀርም በቀላሉ ይይዛል፤ ሲኒና ማንኪያ ይሻላሉ።

ከዚሁ ጋር የሚታዘዘው የዚንክ ክኒን ነው። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከስድስት ወር በታች ለሆነው 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ክኒኑ በማንኪያ ላይ በጥቂት የታለበ የእናት ጡት ወይም ንጹሕ ውኃ ይሟሟል። እናቶች ብዙ ጊዜ ተቅማጡ እንደቆመ ክኒኑን ያቋርጡታል። አይገባም፤ ዚንኩ ለዛሬው ብቻ ሳይሆን በቀጣዮቹ ወራት ተቅማጥ እንዳይመላለስም ይረዳል።

ስለ ሌላው መድኃኒት ያለኝ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው። በከተማችን ሆዱን ላመመው ሁሉ «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል መግዛት ልማድ ሆኗል፤ ጎረቤት የተረፋትን ታካፍላለች። የጤና መመሪያዎች የሚሉት ሌላ ነው። በትንንሽ ሕፃናት ላይ የአሜባ ሕመም ብዙም አያጋጥምም። ጃርዲያ በእርግጥ ተቅማጥን ከሚያሰነብቱት አንዱ ነው፤ በሰገራ ምርመራ ከታየ ይታከማል። ሳይመረመር በየሳምንቱ ጸረ ተሕዋስያን የሚጠጣ ልጅ ግን መድኃኒቱ ራሱ ሆዱን ያናጋበታል፤ የምግብ ፍላጎቱንም ይዘጋበታል። ለአዋቂ ተቅማጥ የሚያቆመው ክኒን ደግሞ ለሕፃን ጨርሶ አይሰጥም፤ አንጀቱን አስሮ ሊገድለው ይችላል።

እስካሁን ስለሚከሳው ልጅ ነው ያወራነው። ሌላ ዓይነትም አለ። ከአንድ እስከ አራት ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ነው፤ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ክብደቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን በቀን ሦስት አራቴ ልል ሰገራ ይወጣዋል፣ የበላው ካሮትና አተር እንዳለ ይታያል። ሌሊት አያስቀምጠውም። እናት ትጨነቃለች፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ ትዞራለች፣ ምርመራው ደህና ይላል። በዚህ ጊዜ መጠየቅ ያለበት ልጁ ምን እንደሚጠጣ ነው። የታሸገ ጭማቂ፣ ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ልጅ እንዳያለቅስ በየሰዓቱ የሚታደለው ሁሉ ስኳሩ ውኃ ወደ አንጀት ይስባል። ጭማቂው ቆሞ ውኃ ሲተካ፣ ምግቡ ላይ ቅባት ሲጨመር፣ አትክልትና ጥራጥሬ በልኩ ሲሰጥ፣ ብዙውን ጊዜ ያለ መድኃኒት ይስተካከላል፤ ካልሆነም በዕድሜ ይለቃል።

ሁለቱን ልጆች የሚለያቸው ሚዛን ነው። በጤና ጣቢያ ክብደት የሚመዘገብበት ካርድ ከክትባት በኋላ በመሳቢያ ተረስቶ መቅረት የለበትም፤ መስመሩ ወደ ላይ ከሄደ መረጋጋት ይቻላል፣ ከቆመ ወይም ከወረደ ግን አይቻልም። ሚዛን በሌለበት የክንድ መለኪያዋ ጥብጣብ አለች። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲሆን ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ሲሆን ቀይ ታሳያለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለሚይዟት ቤት ሲመጡ ማስለካት ነው።

ልጁ ደጋግሞ የሚታመም ከሆነ ዓይናችን ወደ ጀሪካኑ መዞር አለበት። የአቃቂ ምድር ከሥሩ በተቆፈሩት ጉድጓዶች ለአዲስ አበባ ውኃ ይሰጣል፤ የአካባቢው ነዋሪ ግን ውኃ በፈረቃ ይጠብቃል። ውኃ በፈረቃ ሲሆን ይጠራቀማል፤ በሮቶ፣ በበርሜል፣ በባልዲ። ከቧንቧ ንጹሕ ሆኖ የወጣው ውኃ ባልዲ ውስጥ በተነከረ ኩባያና በልጅ እጅ ይበከላል። ለመጠጥ የሚሆነው ጠባብ አፍ ባለው ክዳናም ጀሪካን ይቀመጥ፣ እየተገለበጠ ይቀዳ እንጂ አይጨለፍ። እንደ ውኃ አጋር ያለው የክሎሪን ማከሚያ ብዙውን ጀርም ይገድላል፤ ጃርዲያ ግን ክሎሪንን ይቋቋማል። ስለዚህ ለሕፃኑ መፍላቱ ይሻላል። እኛ ያለንበት ከፍታ ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ስለሆነም ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ ሰላጣ ለትንንሽ ልጆች በጥሬው ባይሰጥ መልካም ነው፤ ቆስጣና ጎመንም በደንብ ይብሰል። የሮታ ቫይረስ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የሚሰጥ ሲሆን፣ በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት መወሰዱን ከካርዱ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

አሁን ደግሞ ሠራተኛዋን እናት ወደሚያስጨንቃት ነገር። ልጄን ሐኪም ቤት ልውሰድ ስትል ፈቃድ አለ ወይ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ለታመመው ሠራተኛ ለራሱ ነው። ነገር ግን ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ፣ ፈቃድ እንደሚገኝ ይደነግጋል። ደመወዝ የሌለው ፈቃድ ለወዛደር እናት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም መኖሩን የማያውቁ ብዙ ስለሆኑ መንገሩ ይበጃል። አባትም ሠራተኛ ከሆነ ይኸው መብት አለው። ሁልጊዜ እናት ብቻ የምትቀርበት ምክንያት አይታየኝም።

14 ቀን የሞላው ተቅማጥ ልጁ ሲጫወት ቢታይም ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። ቀኑ እስኪሞላ የማይጠበቅባቸው ምልክቶችም አሉ። ሰገራው ደም ካለበት፣ ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ከደከመና ከተዝለፈለፈ፣ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ሌሊትም ቢሆን ይወሰዳል። ይህን ዝርዝር ማወቅ ያለባት ቀን ከእርሱ ጋር የምትውለው ናት፤ የእናትና የአባት ስልክ ቁጥርም በበሩ ጀርባ ይለጠፍላት፤ የኮንትራት ታክሲ የሚበቃ ገንዘብም ይተውላት። ሲኬድ ደግሞ የክብደትና የክትባት ካርዱ፣ ጭረት የተጫረበት የቀን መቁጠሪያው ገጽ፣ እስካሁን የተሰጡት መድኃኒቶች ካርቶን ሁሉ አብረው ይያዙ። የሚቻል ከሆነም ቀን የምትጠብቀው ሴት አብራ ትሂድ፤ ሐኪሙ የሚጠይቀውን አብዛኛውን የምትመልሰው እርሷ ናትና።